የአንድ ጋት ነገር

ሰው ሲቸግረው የሚለካበት መለኪያ የራሱ ነው። አጎቴ ባለፈው መስከረም ከአዘና ደውለው የለመኑኝ በሳንቲ ሜትር አልነበረም፤ በኢንችም አልነበረም። «አንድ ጋት፤ አንድ ጋት ብቻ ከፍ የሚያደርግልኝ ዕቃ ከአዲስ አበባ ፈልግልኝ» ነው ያሉኝ። ከፍ እንድትል የፈለጓት መኪናቸውን ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በጨረታ የገዟት፣ ፊቷም ኋላዋም በባሌስትራ የቆመ፣ 75 የሚባለው ዓይነት አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። በበጋ እህልና ድንች ትጭናለች። በክረምት ደግሞ የታመመ ሰው ትጭናለች።

አዘና በአዊ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚያደርሰው ዋና አስፋልት ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የአዊን ክረምት የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን ሳልነግረው ይረዳኛል። ለማያውቀው ግን እንዲህ ልበል፦ ዝናቡ ሲጀምር መንገድ የነበረው ቦይ ይሆናል፤ ቦይ የነበረው ወንዝ ይሆናል።

ነገሩ የመጣው ከነሐሴ አንድ ሌሊት ነው። ከአዘና ራቅ ካለ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብሎ አጎቴ ተጠሩ። ሴትዮዋን አሳፍረው ሲመለሱ፣ ጎማ እየደጋገመ በቆፈራቸው ሁለት ቦዮች መካከል የቀረው ጉብታ መኪናዋን ከሥር ያዛት። ጎማው በጭቃው ውስጥ በባዶ ይሽከረከራል፤ መኪናዋ ግን አትነቃነቅም። ገፏት፣ ቆፈሩ፣ ቅጠል አነጠፉ። በመጨረሻ የመንደሩ ወንዶች ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ብቻ በመጨረሻ «አንድ ጋት ከፍ ብትል ኖሮ…» ብለው ዝም አሉ።

እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም። ውሎዬ ከወረቀትና ከድሮ ነገር ጋር ነው። የሆነ ሆኖ አደራ ነውና መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ነጋዴዎቹ «ሊፍት ኪት» በሚል አንድ ስም ሦስት ዓይነት ዕቃ አሳዩኝ። አንደኛው ሙሉ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ ነው። ሁለተኛው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ድፍን ብረት ነው። ሦስተኛው ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ ሲሆን ከፋብሪካው ረዘም ተደርጎ የተሠራ ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሦስቱም ግን «አንድ ጋት ያነሳል» ተብለው ይሸጣሉ።

ገንዘቡን ከመቁጠሬ በፊት እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ማየት ጀመርኩ። ለመሆኑ በዚህ አገር ሰው ለመንገዱ መጓጓዣ ሲመርጥ ምን እያየ ኖረ? ከፍታስ ያዋጣው መቼ ነው?

ከኮቴ ወደ ጎማ

ሰባት ቤት አገው እየተባለ በሚጠራው በአዊ ምድር ከመኪና በፊት የነበረው ፈረስ ነው። ዛሬም አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ፈረስ በአድዋና በፀረ ፋሺስት ተጋድሎው ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። በዚያ ቀን ያጌጡትን ፈረሶች ያየ ሰው ልቡ በቁመታቸው ይማረካል። ፈረስ የሚገዛ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ኮቴ ያነሳል። አጎቴ ራሳቸው በልጅነቴ «ፈረስ በጀርባው አይገዛም፣ በእግሩ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን ምክር ለመኪናቸው ጊዜ ለምን እንደዘነጉት አላውቅም። ኀዘን ያዘነጋል።

ከአዘና ሰሜን፣ ዳንግላ ላይ፣ እንግሊዞች ቆንስላ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስላነት የተቀመጠው ሮበርት ቺስማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ያነሳ ሰው ነው፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው የመጣው በዚያ ዘመን በመኪና ከበለጸጉት አገሮች ከአንዱ ነበር። ጎጃምን የዞረው ግን በበቅሎ ነው። በቅሎ ከፈረስ አጠር ትላለች፤ ሩጫዋም ከፈረስ አይደርስም። ገደል ጫፍ ላይ ስትቆም ግን እግሯን የት እንደምታስቀምጥ ታውቃለች። የዓባይን ሸለቆ የሚወርድ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባል መኪና ከጅቡቲ ወገን አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አሳየ። ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ ነገር የሚደሰቱ ሰው ነበሩና ተሳፍረውባት ሄዱ። ልብ እንበል፦ መኪናዋ የመጣችው መንገድ ሳይኖር ነው። በሌላው ዓለም መንገድ ቀድሞ መኪና ተከተለ። በእኛ አገር መኪና ቀድማ መንገዱን ስትጠብቅ ኖረች፤ በብዙ ቦታ ዛሬም እየጠበቀች ነው። መኪናን ከፍ የማድረግ ሐሳብ ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንገዱን ማስተካከል ያልቻለ መኪናውን ያስተካክላል።

ረጅሟ ግመል

ስለ ከፍታ ትልቁን ትምህርት የሰጠን ግን መኪና አይደለም። ትምህርቱ የተሰጠውም እዚያው አጎቴ በሚኖሩበት አካባቢ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። ከእሳቸው ጋር የነበረው ጦር በእንግሊዛዊው መኰንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ነው። የሱዳን ወታደሮችና የኢትዮጵያ ስደተኞች የተሰለፉበት፣ ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ ኃይል ነበር። ከድንበሩ እስከ በላያ ተራራ ያለው ቆላ መንገድ የለውም። የጭነት መኪና ይዘው የተነሱት ሰዎች ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ድንጋይ እያነሱ፣ በየደረቁ ወንዝ እየተያዙ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በላያ የደረሱት ጥር 29 ቀን ነው። ያ ሁሉ መንገድ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ።

ዋናው ጭነት የነበረው በግመል ላይ ነው። ወደ 15,000 የሚጠጋ ግመል ከሱዳን ተሰብስቦ ነበር። እንግዲህ ግመል ከጋማ ከብት ሁሉ ትረዝማለች። ሆዷ ከመሬት የራቀ ነው፤ ቁጥቋጦውን ከላይ ታልፈዋለች። መጓጓዣን በቁመቱ ለሚመርጥ ሰው ከግመል የተሻለ የለም። የሆነው ግን ሌላ ነው። መዳፏ ለአሸዋ የተፈጠረ ስለሆነ ድንጋዩ ቆራረጠው። ዳገቱን ስትወጣ ጭነቷ ወደ ኋላ ጎተታት። ደጋው ላይ ስትደርስ ብርዱና የለመደችው መኖ ማጣት ጨረሳት። ከበላያ ወደ እንጅባራ የሚያወጣው መንገድ በግመል ሬሳ ተሞላ። አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው።

ጦሩ ግን ደረሰ። ጣልያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሸሹ፤ ቡሬ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ደብረ ማርቆስም ተያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ደጋውን ያለፈው ኃይል የአገሩ አርበኞች፣ የአገሩ በቅሎና የአገሩ ሰው ትከሻ የታከለበት ነው። ዊንጌትን ለመውቀስ አይደለም፤ በእጁ የነበረው ግመል ነበር። ግን ታሪኩን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ቁመት የሚጠቅመው መሬቱ ከቁመት ሌላ ነገር እስካልጠየቀ ድረስ ብቻ ነው።

የቀስቱ ውርስ

ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ብዙ ነገር ጥሎልን ሄደ። አንዱ የመካኒክ ቋንቋ ነው። ዛሬ አንድ ጃፓን የሠራው መኪና እንጅባራ ጋራዥ ሲገባ የሚፈታው በጣልያንኛ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ክሮቼራ፣ ፓራፋንጎ፣ አሞርዛተር፣ ባሌስትራ። የእነዚህ ቃላት መምህራን የዚያን ዘመን ካሚዮን ነጂዎች ናቸው። ፊያት 634፣ በኋላም አገሬው «ኤንትሬ» ብሎ የሰየመው ፊያት 682 ኤን 3 የኢትዮጵያን ዳገት የወጡት በእነዚህ ክፍሎች ላይ ቆመው ነው።

ባሌስትራ ማለት በጣልያንኛ የድሮ ወታደር የሚወነጭፍበት ባለ መቃን ቀስት ነው። ስሙ ከመልኩ የመጣ ነው። ባሌስትራ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ተደራርበው እንደ ቀስት የተለመጡበት ነው። ጭነት ሲያርፍበት ቀስቱ ይቃናል፤ ጭነቱ ሲነሳ ይመለሳል። ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ንዝረቱን በመጠኑ ይውጡታል፤ የቀረውን አሞርዛተሩ ይይዘዋል። ብልሃቱ ከመኪና በፊት በፈረስ ሠረገላ ላይ የነበረ ነው።

ቀስት ግን ይደክማል። ለዓመታት ከባድ ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ ጭነቱ ሲወርድም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ልመጡ በየዓመቱ በጥቂቱ ይጠፋል። መኪናዋ ዝቅ ማለቷ በአንድ ቀን ስለማይሆን ባለቤቷ አያየውም። ልጁ ማደጉን በየቀኑ የሚያየው አባት እንደማይታወቀው ማለት ነው።

አገሬው ለዚህ የራሱን መፍትሔ ፈጥሯል። አንዱ ከሌላ መኪና የወጣ ቅጠል ቆርጦ መጨመር ነው። ሌላው የደከመውን ባሌስትራ አስፈትቶ በመዶሻ ማስለመጥ ነው። የመጀመሪያው መኪናዋን ያነሳል፤ ግን ያደርቃታል፤ ባዶዋን ስትሄድ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ሁለተኛው፣ በተለይ ብረቱ በእሳት ከጋለ፣ ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይተኛል። የማይዋሸው ሦስተኛው አገልግሎት ነው። የተሰበረ ባሌስትራ ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳል፤ ማረሻ፣ ዶማና ማጭድ ይሆናል። በአገራችን ገጠር የጣልያንም የጃፓንም ብረት መጨረሻው እርሻ ነው።

ከጂፕ እስከ ቶዮታ

ከድል በኋላ መንግሥት መንገድን ለብቻው የሚይዝ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተመሠረተ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ሁሉ ይህ የመጀመሪያዎቹ ነው። መንገዱ ከከተማ ከተማ ተዘረጋ። ከከተማው ወደ መንደሩ ያለው ግን የአራት እግር ነጂ መኪና ድርሻ ሆኖ ቀረ።

ከጦርነቱ የተረፈው የአሜሪካ ጂፕ ለዓለም ሁሉ አባት ሆነ። እንግሊዞች በእሱ አምሳል የሠሩትን ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ አሳዩ። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ቢጄ የሚባል መኪና ሠርተው የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አስወጧት። ከሦስት ዓመት በኋላ ላንድክሩዘር አሏት። ሁሉም በባሌስትራ የቆሙ ነበሩ። በአገራችን ላንድሮቨር ለአንድ ትውልድ የገጠር መኪና ሌላ ስም ሆኖ ኖረ።

በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው፣ እኛ «ዋዝ» ያልነው ኡአዝ 469 ለዛሬው ጥያቄያችን ትልቅ ምስክር ነው። ይህ መኪና በሁለት መልክ ይሠራ ነበር። ሲቪል ሰው የሚነዳው ከሥሩ እስከ መሬት 22 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲኖረው፣ የወታደሩ 30 ሳንቲ ሜትር ነበረው። የ8 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከየት መጣ? ከባሌስትራ አልመጣም። የወታደሩ መኪና በእያንዳንዱ ጎማ እምብርት ላይ ተጨማሪ ጥርስ ስለነበረው አክስሉ ራሱ ከጎማው እምብርት በላይ ተሰቅሎ ነበር። የሩስያ መሐንዲሶች የሚያውቁት ነገር ቀላል ነው። መኪናን ጉብታ ላይ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ በአክስሉ መካከል እንደ ሽንኩርት ያበጠው ዲፈረንሻል ነው።

ላንድክሩዘር 75 የሚገኝበት የ70 ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። ፋብሪካው የፊቱን ባሌስትራ በሞላ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የአጎቴ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ስለሆነች አራቱም እግሯ ባሌስትራ ነው። በዚሁ ዘመን በአውስትራሊያ፣ ሰፊ በረሃ ባለበት አገር፣ ለእነዚህ መኪናዎች ባሌስትራውን፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን አስማምቶ አንድ ላይ የመሸጥ ንግድ አደገ። ሊፍት ኪት የሚባለው በዋነኛነት ከእነሱና ከአሜሪካኖች የመጣ ነው። አውስትራሊያውያኑ ለገዢ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ከፍ ትል?» የሚል አይደለም። «ሁልጊዜ ስንት ኪሎ ትጭናለህ?» ነው የሚሉት። ሶማሌ ተራ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከፍታ ስንት ያስከፍላል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ባሌስትራ ሲለወጥ ከፍ የሚለው ሻንሲውና በላዩ ያለው አካል ነው። አክስሉና ዲፈረንሻሉ ባሉበት ይቀራሉ፤ የተሸከማቸው ጎማ ነውና። ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ማደግ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሽ። በቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎማ ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው።

ቀጥሎ የመገልበጥ ነገር አለ። የግራና የቀኝ ጎማዋ 1 ሜትር ከ40 የሚራራቅ፣ የክብደቷ እምብርት ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና እንውሰድ። ቆማ ሳለች መሬቱ ወደ ጎን 45 ዲግሪ እስኪያጋድል ድረስ አትገለበጥም። 10 ሳንቲ ሜትር ብናነሳት ልኩ ወደ 41 ይወርዳል። ይህ ባዶዋን ነው። ከላይ እህልና ሰው ተጭኖ እምብርቷ 95 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢደርስ ልኩ 36 ይሆናል፤ አሁንም አንድ ጋት ብንጨምርበት ከ34 በታች ይገባል። ይህ ሁሉ በቆመችበት ነው። ስትሄድ፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ፣ ባሌስትራው ወደ ጎን ሲያጋድል፣ ሾፌሩ ሲጠመዝዝ ልኩ ገና ይቀንሳል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎችን በመገልበጥ አደጋ ደረጃ ሲሰጥ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የስፋትና የቁመት ንጽጽር ነው።

ሌላም ዕዳ አለ። አካሉ ሲነሳ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ይበልጥ ይጣመምና ክሮቼራው ቶሎ ይበላል። የፍሬን ቱቦው ካጠረ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይወጠራል፤ ሊበጠስም ይችላል። የፊት አክስሉ ዝንባሌ ከተለወጠ መሪው ቀጥ ብሎ አልይዝ ይላል። ድፍን ብረት በፊት ባሌስትራ ሥር ማስገባት ደግሞ ጨርሶ የማይደፈር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ በብረቱ ላይ መጠማዘዝ ይፈልጋል። ረጅሙ ማንጠልጠያም የሚያነሳው የርዝመቱን ግማሽ ብቻ ሲሆን መኪናዋን ወደ ጎን ያወዛውዛታል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። ከፍታንና እርጋታን በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ከሁለቱ አንዱን አልሸጠም።

ሲባጎው

አጎቴን መልሼ ደወልኩላቸውና «ያን ሌሊት ምኗ ነበር የተያዘው?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «ዲፈረንሻሉ አፈሩን እንደ ማረሻ ሲያርሰው ሰማሁት» አሉኝ። ሻንሲውስ? «ሻንሲው ጭቃም አልነካውም።»

በዚህ ጊዜ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ሰውየው ለወራት የተሸከሙት ጸጸት በአንድ ጋት ላይ የቆመ ነበር። ባሌስትራው አንድ ጋት ከፍ ቢል ኖሮ ዲፈረንሻሉ ባለበት ነበር የሚቀረው፤ ጉብታውም እንደያዘው ይቀር ነበር። ልንገራቸው ወይስ ልተወው? ቢነግሯቸው ጸጸቱ ይቀላል። ግን ተስፋቸውም ይወሰድባቸዋል፤ ለሚቀጥለው ክረምት የያዙት ብቸኛ ነገር ያ ዕቃ ነበርና። ነገርኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያ ምን ይሻላል?» አሉ እንጂ አልተቆጡም።

መጀመሪያ እንዲለኩ ጠየቅኋቸው። በጥቅምት ከአዘና የመጣ ዘመድ በፌስታል የተጠቀለለ ሲባጎ ሰጠኝ። አራት ቦታ ተቋጥሯል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከአንድ ጎማ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት የያዘ ነው። ሲባጎውን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ባሌስትራዋ በቅርቡ በአዲስ የተለወጠ ተመሳሳይ መኪና ፈልጌ አስተያየሁት። የአጎቴ መኪና በአማካይ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዳለች፤ የሾፌሩ ወገን ደግሞ ከሌላው ይብሳል። የጎማውን ቁጥር ስጠይቃቸው ሌላ ነገር ወጣ። ቀድሞ የነዳት ሰው ፋብሪካው ያዘዘላትን 7.50 በ16 ጎማ አውጥቶ፣ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል፣ በቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያንስ አድርጎላት ነበር።

እንግዲህ አጎቴ የለመኑኝ ጋት ከግማሹ በላይ የራሳቸው ነበር። በዓመታት ውስጥ ሳያዩት የወረደ ነው። ታሪክ ለሚያነብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ ከፍታ ስንመኝ ብዙ ጊዜ የምንመኘው ያስወሰድነውን ነው።

የመረጥኩት ይህን ነው። በመጀመሪያ ትክክለኛውን 7.50 በ16 ጎማ አምስት፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ነው። ቀጥሎ እሳቸው ዘወትር ለሚጭኑት ክብደት የተሠራ፣ ከፋብሪካው ልክ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚያነሳ ሙሉ ባሌስትራ። ከእሱ ጋር በርዝመት የተስማማ አሞርዛተር፣ አዲስ ማሰሪያ ቡሎን፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ። ድፍን ብረቱንና ረጅሙን ማንጠልጠያ ለባለቤቶቹ ተውኩላቸው። ከጎማው 2 ተኩል፣ ከድካሙ 4፣ ከአዲሱ 4፤ ሻንሲው ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ተነሳ። ዲፈረንሻሉ ግን ያገኘው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩሉን ነው። ሁለት ጣት እንኳ በደንብ አይሞላም።

በኅዳር ዕቃው እንጅባራ ጋራዥ ሲገጠም አብሬያቸው ነበርኩ። አጎቴ እጃቸውን አስገብተው ከዲፈረንሻሉ እስከ መሬት ለኩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የቀረውን መሬቱ ያዋጣ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ አዘና ስንደርስ ነው። የወጣውን አሮጌ ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል ፈትተው ለቀጥቃጭ ሰጡት። ከእሱ ዶማ ወጣ። በዚያው ሳምንት ያን ሌሊት ቃሬዛውን የተሸከሙት ወንዶች ከሌሎች ጋር ሆነው ወደዚያ ቦታ ሄዱ። ጉብታውን ናዱት፤ ቦዮቹን በድንጋይ ሞሏቸው፤ ውኃው ወደ ጎን የሚወርድበት መፋሰሻ ቆፈሩ። ከወንዶቹ መካከል የሕፃኑ አባት እንደነበረ አጎቴ የነገሩኝ ማታ ነው።

የተስተካከለው ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ከዚያ ማዶ መንገዱ እንደ ድሮው ነው። መኪናዋ አሁን ከመሬት ራቅ ብላ ቆማለች፤ አጎቴም ከላይ አብዝተው መጫን ትተዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዶማው ከኋላ ወንበሯ ሥር ይሆናል።